ያረፈደ ሰው ምክንያት

ሜሮን ድሬዳዋ መነኸሪያ ደርሳ ሐረር የምትሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሾፌሩ በስተኋላ፣ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ከተሸፈነ ሽማግሌ አጠገብ። ቅዳሜን እህቷ ዘንድ አሳልፋ እሑድ መመለሷ ነው። እጇ ላይ እህቷ በግድ ያሸከመቻት የብርቱካን ፌስታል አለ። ገና በወጉ ሳትቀመጥ ሽማግሌው ለሾፌሩ፣ «ይኸው ሞላልህ፤ እንሂድ» አሉት።

ሜሮን ቀና ያለችው በድምፁ ነው። ፀጉር ይሸብታል፣ ፊት ይከሳል፣ ዓይንም ይታሰራል፤ ክፍል በር ላይ ያቆመን ድምፅ ግን ሰው አይረሳም።

«ቲቸር ለገሠ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ሳይሆን መላ ትከሻቸውን አዙረው ባልታሰረው ዓይናቸው አዩዋት። «ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ» አሉ። «የምታወሪዋ።»

«ሜሮን ነኝ።»

«አዎ። የምታወሪዋ።»

ለወሬው አልተሳሳቱም። ሚኒባሷ ከከተማው ወጥታ ዳገቱን ሳትጀምር ሜሮን ነገሩን ሁሉ ጠይቃ ጨርሳ ነበር። አቶ ለገሠ ድሬዳዋ የመጡት ለዓይናቸው ነው፤ ሞራው ተገፎላቸው ልጃቸው ቤት ተኝተዋል። ሐኪሙ «ሳምንት ይቆዩ፣ ዓይንዎን አይሹት፣ ከሁሉም በላይ አያጎንብሱ» ብሏቸዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ከሐረር ደወሉ። አይ ሩቅያ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል፤ «አይ» በሐረሪ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ቀብሩ ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ነው። አቶ ለገሠ ልጃቸውን ተከራክረው፣ ቆባቸውን ደፍተው ወጡ።

«አይ ሩቅያ ማን ናቸው?» አለች ሜሮን።

«የአንዋር እናት።»

አንዋርን ታውቀዋለች። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ነው፤ የትምህርት ቤት ልብሷንም የሰፋላት እሱ ነበር። አቶ ለገሠና አንዋር ያደጉት ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አካባቢ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ቤቶች ውስጥ ነው። የአቶ ለገሠ አያት ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እንደ መጡ እዚያው ቀሩ። የአቶ ለገሠ እናት ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ስለነበሩ ቀን ቀን ቤት አይገኙም። ትንሹ ለገሠ ምሳውን የሚበላው አይ ሩቅያ ቤት ነው። አይ ሩቅያ ለእሱ የተለየች ድስት ነበረቻቸው፤ ሥጋ ነክቷት አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ከእሱ ይልቅ ጾሙን የሚያስታውሱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓርብ ከአንዋር ሰሐን ወተት ሊቀምስ እጁን ሲሰድ በማማሰያ መትተው፣ «ያንተ አላህ አያየኝም ብለህ ነው? ባቄላህን ብላ» አሉት።

«ማማሰያውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አሉ አቶ ለገሠ።

ሜሮን ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። የጠየቀቻቸውን ሁሉ ከመለሱ በኋላ ሳትጠይቃቸው የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው። ካቻምና አይ ሩቅያ ታመው በተኙ ጊዜ አስጠርተዋቸው ነበር። «አንዋር ወንድም የለውም። አፈሬን ብቻውን እንዳይጥልብኝ። አንተም አብረኸው ትጥልብኛለህ» አሏቸው።

«እሺ ብያለሁ» አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ።

ሚኒባሷ ደንገጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ከፊቷ ነጭ እንፋሎት መልቀቅ ጀመረች። ሾፌሩ ዓሊዪ ጥግ አስያዛት፤ ሞተሩ ሁለቴ ነጠረና ዝም አለ። ተሳፋሪው በሙሉ ወረደ። ዓሊዪ ወንበሩን አንስቶ ውስጡን ካየ በኋላ ራሱን ያዘ።

«የራዲያተሩ ጎማ ተቀዷል» አለ። «ጠዋት ደህና ነበረች እኮ፣ ዋላሂ። ከሐረር ስወርድ ምንም አላለችኝም አቦ።»

«ብሬክ ዳውን አደረገች ማለት ነው» አለች ሜሮን፤ አፏ አምልጧት ነው። ወዲያው ቆጫት።

«አደረገች አይባልም» አሉ አቶ ለገሠ ሳያስቡት። «እንግሊዝኛው ላይ አድራጊ የለም። መኪናዋ ራሷ ናት።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አቶ ለገሠ ሐረር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ያረፈደበትን ምክንያት በእንግሊዝኛ ካልተናገረ አይገባም። ተማሪው ደግሞ ከትልቁ ለትንሹ እየተላለፈች የምትወረስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው። «ዘ ካር ብሮክ ዳውን።» መኪናው ተበላሸ። በእግሩ የሚመጣውም፣ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘውም ይቺኑ ይላል። አቶ ለገሠ ወዲያው አያስገቡም። «የማን መኪና? የት ጋ? ምኗን ሆና?» እያሉ በእንግሊዝኛ ይመረምራሉ። ተማሪውም አይሰንፍም፤ ማታውኑ መኪናዋን ከነታርጋዋ፣ ከነሾፌሯ ፈጥሮ ያድራል። ብዙ ሰው እንግሊዝኛ የተናገረው እዚያ በር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ጊዜ ከከተማው ውጭ ካለችው ከሶፊ በእግሩ የሚመጣ ልጅ፣ መኪና አለኝ ቢል ማንም እንደማያምነው ስላወቀ፣ «አህያዋ ብሮክ ዳውን» አለ። አቶ ለገሠ ይህ ቃል ለሞተርና ለሰው እንጂ ለአህያ እንደማይባል ካስረዱት በኋላ፣ ምክንያቱ አዲስ ስለሆነ ግባ አሉት።

ከዚያ በኋላ ከተማው ቃሉን ከእሳቸው ስም ነጥሎት አያውቅም። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ሚዛኗ አልሠራ ያላት ቲማቲም ሻጭ፣ «ቲቸር፣ ሚዛኑም ብሬክ ዳውን» ትላቸዋለች። የባጃጅ ሾፌር ጎማው ሲተነፍስ እሳቸውን ካየ በሳቅ ይሞታል። አይ ሩቅያ ራሳቸው፣ ቃሉን ሰምተው ትርጉሙን ከጠየቁ ወዲህ፣ «የመኪና በሽታ አስተማሪው መጣ» እያሉ ነበር የሚቀበሏቸው። አቶ ለገሠ በዚህ ሁሉ ተከፍተው አያውቁም። ዛሬ ግን ሐረር ልቅሶ ቤት ደርሰው ሊናገሩ የሚችሉት ምክንያት ያው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማንም አፍ አምነው ያልተቀበሉት።

ዓሊዪ ከወንበር ሥር ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቀደደ ረጅም ጎማ አወጣና የተሸነቆረውን ቦታ ይጠመጥም ጀመር። ሞተሩ እስኪበርድ ውሃ አይጨመርም፤ ሲበርድም ውሃ የለም። ወደ ሐረር የሚወጣው መኪና ሁሉ ሙሉ ነው። ባዶ የሚመስሉት ጫት ይዘው ወደ ድሬዳዋ የሚበሩት ፒክአፖች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ቁልቁል ነው የሚሄዱት፣ ለማንም አይቆሙም።

አቶ ለገሠ ከመንገዱ ዳር አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ዝቅ ያለው ላይ ለመቀመጥ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ሜሮን አጠገባቸው ቆመች። ዝምታ አይሆንላትም።

«ቲቸር፣ እኔም እኮ እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው። ነገ የማስተምረው ይኸንኑ ነው። እንዲህ ያሉትን ጥምር ግሦች።»

«ስንት ትርጉም ትነግሪያቸዋለሽ?»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን።»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን መጽሐፉ ያስታውሰው።» ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ፣ ሰዓቱን ላለማየት ብለው ይመስላል፣ ማስተማር ጀመሩ። እሳቸው ተማሪውን ይዘው ይወጡ ነበር። ጊደር መጋላ በርበሬ ነጋዴው ፊት ያቆሙታል። ነጋዴው ኩንታሉን ይፈታና በጣሳ፣ በስኒ፣ ለድሃዋ ደግሞ በማንኪያ ይከፋፍለዋል። ይኼም ብሬክ ዳውን ነው፤ ትልቁን ነገር እጅ በሚችለው ልክ መበተን። ሒሳብም፣ ከባድ ሥራም እንዲሁ ይበተናል። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሎች ተነጋግረው ተነጋግረው በመጨረሻ ጫማቸውን ፈልገው ሲወጡ ደግሞ ንግግሩ ብሮክ ዳውን ይባላል። «ማንም አልሰበረውም፤ ግን ቆመ» አሉ። «በር ሲሆን ነው ሰባሪ የሚያስፈልገው። ፖሊስ በሩን ሰብሮ ገባ ስትይ ፖሊሱን መጥቀስ አለብሽ፣ በሩንም መጥቀስ አለብሽ። መኪና ስትይ ግን መኪናዋ ብቻ። ልጆችሽ ሾፌሩ መኪናዋን ብሮክ ዳውን አደረጋት ብለው ይጽፉልሻል፤ አርሚያቸው።»

ዓሊዪ እጁ ግራሶ እንደሆነ ብቅ አለ። «አባባ፣ እኔ አልሰበርኳትም።»

«አላልኩህም። እንግሊዝኛውም አላለህም። በራሷ ተበላሸች ነው የሚለው።»

«እውነትዎን ነዋ። እስቲ ይህን ለባለንብረቱ ይንገሩልኝ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። አቶ ለገሠም ከንፈራቸው ሊፈታ ሲል ተወው። «አማርኛ ግን ተበላሸብኝ ይላል» አሉ ዝግ ብለው። «የተበላሸበትንም ሰው አብሮ ይቆጥረዋል።»

«እና ቲቸር፣ የማልቀሱስ?» አለች ሜሮን። «መጽሐፉ ላይ አለ።»

«እሱን ትርጉሙን ብቻ ነግሬ አልፈዋለሁ። እንባ ሁሉ አይደለም። ይዞ፣ ይዞ፣ ሲያቅተው ነው። ልጆቹን በምሳሌ አሳዩኝ ካልሻቸው ይስቁብሻል።» እግራቸው ሥር ነፋስ የሰበሰበው ደረቅ ቅጠል ነበር፤ ከሥሩ ያለው ጠቁሮ መሬት ሆኗል። «ቅጠል አፈር ሲሆንም ይባላል» አሉና ሰዓታቸውን እንደገና አዩ።

ሜሮን ፌስታሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ለጋሽ አንዋር ለምን አይደውሉላቸውም? መንገድ ላይ ነኝ ቢሏቸው እኮ ይጠብቁዎታል።»

«ለዚያ ነው የማልደውለው።»

«እንዴት?»

«ብደውል ያስጠብቅልኛል፤ አውቀዋለሁ። ጀናዛ ደግሞ አይጠበቅበትም። የኛ ቀብር ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ ይቆያል፤ የእነሱ አይቆይም። ለእኔ ሲል እናቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ከአፎቻው ጋር ይጣላ?» አፎቻ የሐረሪዎቹ እድር ነው፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረውም፣ ቃሬዛውን የሚሸከመውም እሱ ነው። «ካልደረስኩ አልደረስኩም። የሰጠሁት ቃል የእኔ ነው እንጂ የእሳቸው ዕዳ አይደለም።»

«ሳይደውሉ ቢቀሩስ ለጋሽ አንዋር ምን ይሏቸዋል?»

«ይህንን ነው የማላውቀው» አሉ አቶ ለገሠ።

ሞተሩ በረደ። ዓሊዪ ጀሪካን ይዞ በተሳፋሪው መካከል እየዞረ የሚጠጣ ውሃ ለመነ። አንዷ ግማሽ ሃይላንድ ሰጠች፤ አንዱ አጉረመረመ፤ አቶ ለገሠ መድኃኒታቸውን የሚወስዱበትን ሙሉ ጠርሙስ አውጥተው ሰጡት። ውሃው ሁሉ እየተንዶቀዶቀ ራዲያተሩ ውስጥ ገባ። ሚኒባሷ ተነሳች፤ ግን ቀስ እያለች ነው። አዴሌን አለፉ፣ ሐረማያን አለፉ። አወዳይ ሲደርሱ የጫቱ ገበያ መንገዱን ይዞታል፤ ዓሊዪ ጥሩምባውን እየነፋ በሰውና በእሽግ መሃል ሲሹለከለክ ከመስጊዱ የዐስር አዛን ተሰማ።

አቶ ለገሠ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ሐረር ሲደርሱ ቤቷ በሌላ አቅጣጫ ነው። ቢሆንም ባጃጅ ጠርታ አብራቸው ወደ ፈላና በር ሄደች። ዓይናቸው ታስሮ፣ ኮረኮንቹን ብቻቸውን ይሄዱታል ብላ መተው አልቻለችም። ከግንቡ ውጭ ወዳለው መቃብር በሚወርደው መንገድ ላይ ቀባሪዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ሲመለሱ አገኟቸው። ሙባረክ የሚባል ጎረቤት ቆመና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሽ ለገሠ፣ አበቃ እኮ። ቀብረን መጣን። አላህ ያጽናችሁ።»

«አሜን» አሉ አቶ ለገሠ፤ ግን መንገዳቸውን አልተውም። ሙባረክ ሜሮንን አያት፤ ሜሮንም ትከሻዋን ሰበቀች።

የመቃብሩ ድንበር በጉልበት ቁመት የተካበ ድንጋይ ነው። ሴት ለቀብር እዚያ ስለማትገባ ሜሮን ድንበሩ ጋ ቀረች። ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንዋር አዲሱ መቃብር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ በአንድ ጎኑ አካፋ፣ በሌላው ትንሽ ጀሪካን አለ። አቶ ለገሠ ሲመጡ አየ፤ አልተነሳም። ቦታው ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምፃቸው ድንበሩ ድረስ ይሰማል።

«ተቀመጥ» አለ አንዋር።

አቶ ለገሠ ቆመው ቀሩ። «አንዋር፣ እኔ…»

«መጀመሪያ ተቀመጥ። ከንፈርህ ደርቋል።» ከድንጋዩ ጠጋ አለላቸውና ጀሪካኑን አቀበላቸው። አቶ ለገሠ ጠጡ፤ ብዙ ጠጡ። «ዓይንህ ምን አለ?»

«ደህና ነው። አታጎንብስ ተብያለሁ።»

«ስንት ቀን?»

«ሳምንት።»

«እና በሰላም ልጅህ ቤት አትተኛም?»

«አልደወልኩልህም» አሉ አቶ ለገሠ።

«አዎ፣ አልደወልክም። መንገድ ላይ መሆንህን ያወቅኩት በሱ ነው። የቀረ ሰው ይደውላል፤ ይቅርታ አብዝቶ፣ ምክንያት ደርድሮ። ዛሬ ስንቱ ደወለልኝ መሰለህ።» አንዋር ተነስቶ አካፋውን አነሳ። «አፎቻዎቹ አፈሩን መልሰው ሊጨርሱ ሲሉ ከጥጉ ትንሽ አስቀረሁ። ምን ሊያደርግልህ ነው አሉኝ። እናቴ ያዘዘችው ሥራ አለ፣ ሠራተኛው አልደረሰም አልኳቸው።»

ከመቃብሩ ራስጌ በኩል በእርግጥ ለብቻው የተከመረ ጥቂት ቀይ አፈር ነበር። አቶ ለገሠ ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ፤ ጉልበታቸውን ሊያጥፉ ሲሉ አንዋር ክንዳቸውን ያዘ።

«አታጎንብስ አልተባልክም?»

«ታዲያ በምን ልውሰደው?»

አንዋር አፈሩን በአካፋው ዛቀና እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ አቶ ለገሠ ደረት ድረስ ከፍ አደረገላቸው። ትሪ እንደሚያቀርብ ሰው። አቶ ለገሠ ቀጥ ብለው እንደቆሙ አንድ እፍኝ ወሰዱና ጣሉ። ሁለተኛ ወሰዱ፤ ጣሉ። ሦስተኛውን ሲወስዱ አካፋው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የተረፈው አፈር ከጫፉ እየፈሰሰ ጫማቸው ላይ ወደቀ። አንዋር ጠዋት እናቱን ሲያጥቡ፣ ሲገንዙ፣ ቃሬዛውን ሲያነሱ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነበር ይላሉ፤ ሙባረክ ኋላ ለሜሮን እንደነገራት። አቶ ለገሠ እፍኛቸውን ጣሉና አካፋውን ከእጁ ተቀብለው መሬት አስያዙት። ሌላውን እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው እዚያው ቆሙ። ሜሮን ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ከጀጎል በላይ ካሉት ቤቶች የአንዱ ራዲዮ ይሰማል።

ቆይቶ የአንዋር ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ጎርነን ብሏል። «ጫማህ የደንገጎ አቧራ ነው።»

«አዎ።»

«እሷ ብትኖር ምን እንደምትልህ ታውቃለህ።»

«የመኪና በሽታ አስተማሪው መጣ።»

«ስንት ሰዓት ቆማችሁ?»

«ነገ እነግርሃለሁ።»

«በእንግሊዝኛ ነው?»

«እሱንም ነገ እንነጋገራለን» አሉ አቶ ለገሠ። የተረፈውን ውሃ ከጀሪካኑ ሳያጎነብሱ መቃብሩ ላይ አርከፈከፉት፤ ሁለቱም ተያይዘው ወጡ።

ፈላና በር ሲደርሱ አንዋር ልቅሶ ቤቱ ሰው ስለሚጠብቀው ቀደመ። ሜሮን ፌስታሉን ለአቶ ለገሠ ሰጠቻቸው፤ እንቢ ሲሏት፣ «ለልቅሶ ቤቱ ነው» አለች፤ ተቀበሉ። በጠባቡ መንገድ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆሙና እንደተለመደው ትከሻቸውን ጭምር አዙረው ጠሯት።

«ሜሮን፣ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ አቁመሽ በእንግሊዝኛ ታስለፈልፊያለሽ?»

«ከእርስዎ ተምሬ ነዋ ቲቸር። እርስዎ ክፍል ነው የለመድኩት።»

«እንግዲያው ነገ አርፍዶ የመጣውን መጀመሪያ አስቀምጪው» አሉ። «ምክንያቱ የትም አይሄድም።»